ሠላሳ አንድ ዓመት ከታንተ ሩት ጋር

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ የእድራችን አባላት፣ ብርዱን ችላችሁ ከቅርብም ከሩቅም የመጣችሁ ወገኖች። እስከዚህ ድረስ ያለውን አቶ ተክለሃይማኖት ነው በወረቀት ጽፎ የሰጠኝ። ከዚህ በኋላ ያለው የራሴ ነው። ስለዚህ ከአሁኑ ይቅርታ።

ማኑ ነኝ። ታውቁኛላችሁ። ያለፈው ፋሲካ አዳራሹ በር ላይ ካወለቃችሁት ጫማ የግራ የግራውን ለቅሜ የደበቅኩት እኔ ነኝ። ዛሬ ማንም ጫማ አላወለቀም፣ ስጋት አይግባችሁ። እዚህ አገር የመጣሁት በዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ አማርኛዬም እዚያው ዘጠኝ ዓመቱ ላይ ቆሞ ቀረ። ቪደረጎንደ፣ ሁለተኛ ደረጃ ማለት ነው፣ ሁለተኛ ዓመት ላይ ደግሞ ትምህርት ተወኝ። እኔ አልተውኩትም፣ እሱ ነው የተወኝ። «እርስዎ» ማለት አይሆንልኝም። ታላላቆቼን አንተ አንቺ ስል ብትሰሙ ድፍረት አይደለም፣ አለመማር ነው።

ጋሼ ይልቃልን ልሰናበት ነው የቆምኩት። ግን ግራ ገብቶኛል። ስትስቁብኝ የማውቅ ልጅ ነኝ፣ ስታለቅሱ ምን እንደሚባል አላውቅም። ካወቅኩትም ይኸው ረሳሁት።

ቅድም አቶ ተክለሃይማኖት የሕይወት ታሪኩን አነበበ። ደሴ ተወለደ አለ። እውነት ነው። በሠላሳ ዓመቱ ኦስሎ ገባ። እውነት ነው። ትዳር አልያዘም፣ ልጅ አልወለደም፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ታንተ ሩት የምትባል አሮጊት ሲንከባከብ ኖረ አለ። ያኔ በዚህ በግራ በኩል የቆሙት ሰዎች «ሩት» የምትለዋን ቃል ሰሙና ምን ተባለ ብለው ጠየቁኝ። ተረጎምኩላቸው። ሳቁ። አያችኋቸው። አንዳንዶቻችሁ ተቆጣችሁ፤ ቀብር ላይ ይሳቃል ወይ አላችሁ። ja፣ ልክ ብላችኋል፣ አይሳቅም። ግን እነሱ የሳቁት ሩትን ስለሚያውቋት ነው።

እኛ ነን የማናውቃት።

ከመቀጠሌ በፊት ሦስት ነገር ልናገር። አንደኛ፣ አቶ ተክለሃይማኖት ጆሮዬ ላይ ጠጋ ብሎ፣ አሮጊቷን አንሳ፣ ስለ ሌላው ሥራው ብዙ አትበል ብሎኛል። ሁለተኛ፣ ጋሼ ራሱ ሆስፒታል በተኛ በዘጠነኛው ቀን፣ አንተ ትናገራለህ አለኝ። ምን ልበል ስለው «እኔ እንዳልኩት በል። አትጨምር፣ አትቀንስ» አለኝ። እሱ እንዳለው ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሦስት ቀን አሰብኩ። ግራ ገባኝ። ሦስተኛው ከሁሉም የከበደኝ ነው። ከወዲያ፣ ከዛፉ ስር፣ ግራጫ ኮት የለበሱ ሰው አሉ። ብቻቸውን ናቸው። ፊሊፕ ይባላሉ። ለእሳቸው ብቻ አንቱ እላለሁ፤ ጋሼ እንዲህ ብለህ ጥራቸው ብሎ አስተምሮኛል። ዛሬ ጠዋት በስልክ አንድ ነገር ጠየቁኝ። «እዚያ ስንደርስ የት ልቁም?» አሉኝ።

  ደርሰን እናያለን አልኳቸው። ደረስን። ይኸው ዛፍ ስር ቆመዋል።

እሺ። አሁን ሩት።

እኔ መጠጥ የማከፋፍል ሾፌር ነኝ። በርሜል እና ሳጥን አራግፋለሁ። ከአራት ዓመት በፊት አዲስ መስመር ተሰጠኝ። ከቶየን ወረድ ብሎ፣ ከጥግ ያለች ጠባብ ቤት። ምልክቷን አነበብኩ። «ታንተ ሩት» ይላል። አልገባኝም፤ የሩት ስም በኦስሎ ብዙ ነው ብዬ በርሜሌን እያንከባለልኩ ገባሁ። ከባንኮኒው ኋላ አንድ ሰው ሽርጥ አድርጎ ብርጭቆ እየወለወለ ይዘፍናል። ቀና አለ። ጋሼ ይልቃል ነው።

የእድራችን ጸሐፊ። ስብሰባ ላይ ስናወራ በእስክሪብቶ ጠረጴዛ የሚመታብን ጋሼ ይልቃል።

በርሜሉን ለቀቅኩት። ተንከባሎ ሄዶ ግድግዳ መታ። እሱ ምንም አልደነገጠም። «ማኑ፣ እሱ በሰላም ነው የሚወርደው፣ በጥፊ አይደለም» አለኝ። ከዚያ ቡና ቀዳልኝ። ግድግዳው ላይ ያሉትን ፎቶዎች አየሁ። ሁለት ወንዶች ተቃቅፈው። ሁለት ሴቶች በሠርግ ልብስ። ቀስ እያለ ገባኝ። ታንተ ሩት ሰው አይደለችም። ቡና ቤት ናት። ወንድ የሚወዱ ወንዶች፣ ሴት የሚወዱ ሴቶች ሰው አየኝ አላየኝ ሳይሉ የሚቀመጡባት ቡና ቤት ናት። ታንተ አክስት ማለት ነው፤ ድሮ የፊሊፕ አክስት ክርና መርፌ ትሸጥባት ነበር። ሩት እሷ ናት፣ እኔ ሳልወለድ ነው የሞተችው። ፊሊፕና ጋሼ ቤቷን ሲከፍቱ ምልክቱን ሳያወርዱ ገቡ። ይኸው ሠላሳ አንድ ዓመት።

አንገታችሁን ኮታችሁ ውስጥ ቀበራችሁ። ብርዱ ነው ብዬ ልለፈው።

ለእድሩ ትነግርብኛለህ ወይ ብሎ አልጠየቀኝም። እኔ ነኝ የጠየቅኩት። ጋሼ፣ ለምን ዋሸሃቸው አልኩት። ሽርጡን እያስተካከለ «መቼ ዋሸሁ?» አለኝ። «የት ትሠራለህ ሲሉኝ ታንተ ሩት ጋ አልኩ። የት ነው የምሠራው?»

አሰብኩት። አልዋሸም።

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ እስኪ አብረን እናስታውስ። የዛሬ አራት ክረምት፣ ቧንቧ ፈንድቶ ቤቷን ውሃ የሞላት ጊዜ። ስብሰባ ነበረን። ጋሼ ስልክ ደውሎ፣ ሩት ውሃ ስለገባባት አልመጣም አለ። ምን አደረጋችሁ? የሩት ሳንባ ውሃ ቋጠረ አላችሁ። የሴቶቹ ማኅበር ጸሎት ያዘ። ቅዳሜ ጾማችሁ። እሁድ ተሰብስባችሁ፣ እንዴት ሆነች አላችሁት። ውሃውን በፓምፕ መጠጡላት አለ። ተመስገን አላችሁ። ወለሏ ግን ተበላሽቶ በእንጨት ቀየሩላት አለ።

በእንጨት። ለአንዲት አሮጊት ምኗ በእንጨት እንደተቀየረ ሦስት ዓመት ሙሉ ስትወያዩ ሰምቻለሁ። ሆስፒታል የሚሠሩት ልጆቻችን ሳይቀሩ፣ አዲስ ሕክምና ይሆናል አሉ። በኮሮና ጊዜ ሩት ተዘግታለች ሲል ምስኪን በዚህ ዕድሜዋ አላችሁ። ስትከፈትስ? እልል ነው ያላችሁት። እልልታው ትክክል ነበር። እኛም እዚያ ብርጭቆ አንስተን ነበር።

ዓብዱስ? ዓብዱ፣ ከፊት ነህ፣ አትደበቅ። የወሎ ልጅ፣ የጋሼ አገር ሰው፣ ኦስሎን በታክሲው ከእኔ በላይ የሚያውቅ። አንድ ቀን ጋሼን ሥራ ቦታው አድርሶት በሩ ላይ ያንን ባለብዙ ቀለም ባንዲራ አየ። «ታንተ» የሚለውን አነበበ። የዚህ አገር ሰው የሕፃናት ሞግዚትንም ታንተ ይላል። ዓብዱም አሮጊት የሚባለው ስህተት ነው፣ ቤቱ ባርነሃገ፣ የሕፃናት መዋያ ነው ብሎ መጣ። ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት የሚከፈት ባርነሃገ የት አለ ብንለው፣ ወላጆቻቸው የማታ ፈረቃ የሚሠሩ ልጆች ናቸው አለን። ይባስ ብሎ ልጁን ጁመናን ሊያስመዘግብ ጋሼን ቅጽ ጠየቀው። ጋሼ ምን አለው?

«ሃያ ዓመት ሲሞላት ትምጣ።»

ዓብዱ ወረፋው ይህን ያህል ነው ብሎ ማዘጋጃ ቤቱን፣ ኮሙኑን፣ ሲረግም ከረመ። ጋሼ ዋሸው? nei። የቤቱ ሕግ ነው። ከሃያ ዓመት በታች አይገባም።

ሳቃችሁ። ደግ አደረጋችሁ። ጋሼም እየሳቀ ነው፣ እኔ እንደማውቀው።

የእኔ ኃጢአትም አለ። እትዬ ሀረገወይን፣ ይቅር በይኝ። አሮጊቷ ዳቦ ቆሎ ትወዳለች ብዬ የነገርኩሽ እኔ ነኝ። በየሁለት ሳምንቱ በመኪናዬ ስትልኪላት እኔ ማዮርስቱን ሳልደርስ ጨርሼው ነው። ጥርስ የላትም ሳይሉኝ አልቀረም ብለሽ አሳንሰሽ የጋገርሽው ጊዜ እንኳ አልተውኩልሽም። ሌላውን ግን አደረስኩ። የላክሽው ነጠላ ደርሷል። ታንተ ሩት በሩ አጠገብ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። ትራም ነጂ የነበረ አንድ ጡረተኛ አለ፣ ይኸው እዚያ ቆሟል፤ ሲበርደው እሱ ይደርበዋል። ሌላውም ሲበርደው ይደርበዋል። የነጠላው ስም ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ? «ሀረግ» ነው የሚሉት። ሀረግን አቀብለኝ ይላሉ። ሀረግ ታጥባለች ወይ ይላሉ። ሰዎቹ አንቺን አያውቁሽም፣ ግን ስምሽን ለብሰው ስንት ክረምት አሳልፈዋል።

ይሄን ሳስብ ነው ግራ የሚገባኝ። ሁለት ወገን ሆነን ቆመናል፣ በመሀል ጋሼ ተኝቷል። እነሱ ስለ እናንተ ያውቃሉ። ማን ወለደ፣ ማን ከማን ተኳረፈ፣ የማን ልጅ ዲግሪ ያዘ፣ ሁሉን። ጋሼ ሲያወራላቸው ነው የኖረው። ስለ እኔም ያውቃሉ፤ መጀመሪያ ቀን ስገባ አንዷ ጫማዋን ደበቀችብኝ። እናንተስ ስለ እነሱ ምን ታውቃላችሁ? ጋሼ አልተናገረም? ተናግሯል። እኛ ነን የሰማነውን ሌላ ያደረግነው።

ቤቷ ምን እንደነበረች አንድ ነገር ልንገራችሁ።

አንድ ሰው ነበር። ትልቅ ሰው ነው፣ ሥራ ያለው። ሐሙስ ሐሙስ ከሥራ ሲወጣ ወደ ታንተ ሩት ይመጣል። በሩ አጠገብ ካለችው ወንበር ላይ ኮቱን እንደለበሰ፣ ቁልፉን እስከ አንገቱ ቆልፎ ይቀመጣል። አንድ ሻይ ያዛል። ማንንም አያይም። ግማሹን ጠጥቶ ይወጣል። አራት ሐሙስ እንዲህ አደረገ። ጋሼ ስምህ ማን ነው አላለውም። ከየት ነህ አላለውም። እኔ በነገር ልነካካው ብድግ ስል ጋሼ በዓይኑ አስቀመጠኝ። እኔን በዓይኑ ያስቀመጠ ሰው ስንት አለ? በአምስተኛው ሐሙስ ሻዩን ሲያቀርብለት «ኮትህን ካላወለቅክ ለእሱም ሻይ ይታዘዝለት» አለው። ሰውየው ሳቀ። ከዚያ አለቀሰ። ከዚያ ኮቱን አወለቀ። ጋሼ ኮቱን ተቀብሎ ሰቀለለት፤ ሌላ ምንም አላደረገም።

ያ ሰው ዛሬ እዚህ አለ። ከየትኛው ወገን ጋር እንደቆመ አልናገርም። እኔ ቀልደኛ ነኝ እንጂ ያን ያህል ክፉ አይደለሁም።

አሁን ወደ ከባዱ መጣሁ። ጋሼ፣ እርዳኝ።

ጋሼ ሩትን እንዴት ነበር የሚጠራት? እስኪ አስታውሱ። ሩት ተዘጋች። ሩት ውሃ ገባባት። እሷ ነው የሚላት። ግን ደግሞ ሌላ አነጋገር ነበረው። ሽርሽር ሲጠራ፣ እሳቸውን ልጠይቅ ይላል። ሥጋ ሲቀርብለት፣ እሳቸው ዶክተር ከልክሏቸዋል፣ እኔም ትቻለሁ ይላል። ስብሰባ ሲመሽ፣ እሳቸው ሳልመጣ አይበሉም ብሎ ኮፍያውን ያነሳል። እናንተ ሁሉንም አንድ አሮጊት አደረጋችሁት። አንዲትን ሴትዮ አንዴ እሷ፣ አንዴ እሳቸው የሚል ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አማርኛዬ ዘጠኝ ዓመት ላይ የቆመው አላስተዋልኩም፤ ይሁን። እናንተ ፊደል የቆጠራችሁት ምን ነካችሁ?

አንድ ጊዜ ደግሞ ከዚህም ግልጽ አድርጎ ተናግሯል። ማኅበሩ ወደ ስዊድን ሊሄድ ሲል፣ አራት ቀን ነው፣ ባለቤቴ ካልተስማሙ አልሄድም አለ። ባለቤቴ። በዚህች ቃል ምን አደረጋችሁ? የቤቱ ባለቤት ናት አላችሁ። አከራይ። ይቺ አሮጊት ምን ዓይነት ጨካኝ ናት፣ ተከራይዋን ሽርሽር ትከለክላለች ወይ አላችሁ። ዓብዱማ ተናዶ የተከራዮች ማኅበር ልውሰድህና ክሰሳት አለው። ጋሼ ሻዩ ትን እስኪለው ሳቀ።

አልዋሸም። አንድም ቀን አልዋሸም። እሳቸው የሚለው ቃል ወንድ ነው ሴት አይልም። ባለቤት የሚለውም አይልም። አማርኛ ለጋሼ አንዲት ጠባብ በር ከፍታለት ነበር፤ ጎንበስ ብሎ በእሷ ሲገባና ሲወጣ ኖረ። ኮሙኑ ያውቅ ነበር፣ የጋብቻ ወረቀቱን የፈረመው እሱ ነው። የታንተ ሩት ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር። እኔም አራት ዓመት አወቅኩ፤ ሚስጥር ይዤ በማላውቅ አፌ ይዤው ከረምኩ። ለምን ጮክ ብሎ አልተናገረም ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። አላውቅም። እናንተን ፈርቶ ነው? ወይስ እናንተ እንድትደርሱበት ሲጠብቅ ነው? ሁለቱንም አስቤ ሁለቱም ልክ ይመስሉኛል። ግራ ገብቶኛል አልኩ እኮ።

ሆስፒታል ያለውን ልጨርስ። በአሥረኛው ቀን እትዬ ሀረገወይን ካላየሁት አለች። በመኪናዬ ይዣት ሄድኩ። አሳንሰሩ ይወጣል። ከአልጋው አጠገብ ማን እንደተቀመጠ አውቃለሁ። ምን ልበላት? እትዬ፣ አጠገቡ አንድ ሰውዬ ታያለሽ፣ የሆስፒታሉ ቄስ ነው አልኳት። ዘንቢሏን አጥብቃ ያዘች።

ገባን። ጋሼ ተኝቷል። ፊሊፕ እጁን በሁለት እጃቸው ይዘው ተቀምጠዋል። ሦስት ቀን የተኙ አይመስሉም። የለበሱት ሹራብ የጋሼ ነው፣ እጅጌው ያጥራቸዋል። እትዬ ሀረግ በሩ ላይ ቆመች።  እኔ ወለሉን አየሁ። ከዚያ ገብታ ጋሼን ግንባሩን ሳመችው። ከዘንቢሏ ሣህን አወጣች፣ ማንኪያ አወጣች፣ ፊሊፕ ፊት አስቀመጠች። ኖርዌይኛዋን ታውቃላችሁ፣ አሥር ቃል አይሞላም። አንዷን ተጠቀመች። «ስፒስ» አለቻቸው። ብሉ ማለቷ ነው። ፊሊፕ አይ በሚመስል ራሳቸውን ነቀነቁ። «ስፒስ» አለች። ብሉ። እስኪጨርሱ ቆማ ጠበቀች። ሣህኑን ተቀብላ ወጣች።

ኮሪደሩን ይዘን ሄድን። እኔ ቄሱ ርቧቸው ነበር ማለት ነው ልል አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

«ሩትን አየኋቸው» አለችኝ።

የመኪናዬን ቁልፍ ከኪሴ አወጣሁ።

«ጺማቸው ያምራል።»

እትዬ ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው አልኳት። ምኑን አለችኝ። ይሄን አልኳት። አሳንሰሩን ተጫነው፣ እግሬን አሞኛል አለችኝ። ይኸው እስከዛሬ አላወቅኩም። ዳቦ ቆሎውንና ነጠላውን ስትልክ ለማን እንደምትልክ ታውቅ ነበር? ወይስ ያን ቀን በሩ ላይ ስትቆም ነው የገባት? በዚህ ከተማ ከእኔ የባሰ ቀልደኛ የለም ብዬ ነበር የማምነው። ተሸንፌያለሁ።

አሁን ነው ጋሼ ያለው የገባኝ። እኔ እንዳልኩት በል ያለኝ። ስለዚህ አልጨምርም፣ አልቀንስም።

አቶ ተክለሃይማኖት፣ ሰዓትህን አትይ፣ ልጨርስ ነው። ያነበብከውን ወረቀት አውጣው። ትዳር አልያዘም የሚለውን ሰርዝልኝ። አሮጊት የሚለውንም። በቦታው አንዲት ቃል ጻፍ። ባለቤት። «ባለቤታቸው ፊሊፕ» በል። የጋሼ የራሱ ቃል ናት፣ እኔ አልፈጠርኳትም። ታንተ ሩት የማን ናት ብለው ቢጠይቁህም ልክ ነው፣ የፊሊፕ ናት። ጋሼ የማን ነው ብለው ቢጠይቁህም ልክ ነው። አንተ እንደቻልክ አንብባት። ዛሬ የቻልከውን ያህል፣ ሌላ ጊዜ ትንሽ ጨመር አድርገህ።

አንድ ነገር ግን አለ፣ እሱን በቻልኩት ልክ ብሎ ማለፍ አይቻልም። ጋሼ ከበርገን የመጣ የአጎት ልጅ አለው፣ ሚናስ። ከፊት አቁመነዋል፣ እናንተም ተሰልፋችሁ እግዚአብሔር ያጽናህ ብላችሁታል። ሚናስ ደግ ሰው ነው፣ መጽናቱም ጥሩ ነው። ግን ጋሼን በዕድሜው ሦስት ጊዜ ነው ያየው፤ ራሱ ነው የነገረኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ጋሼ ሳይመጣ ያልበሉት ሰው ዛፍ ስር ቆመው ማንም አንድ ቃል አላላቸውም። ይሄ ነውር ነው። እኔ ሕይወቴን ሙሉ ነውር ስሠራ ኖሬ ነውር ሳይ አውቃለሁ። በእኛ አገር ባለቤቱ የሞተበት ሰው ብቻውን ይቆማል? ማን ነው ብለን እስክንስማማ ድረስ እንዲህ በብርድ ይቁሙ?

ሦስት አራት ሰው ወደ መኪና ሲሄድ ይታየኛል። ይሂዱ። ፓርኪንጋቸው አልቆ ይሆናል ብዬ ነው የማስበው። ጋሼም ቢሆን እንደዚያ ነበር የሚያስብላቸው።

ቆይ። እትዬ ሀረግ፣ ወዴት ነው? በረዶው ያንሸራትታል እኮ። ዓብዱ፣ ክንዷን ያዛት። መንገድ ልቀቁላት። ወደዚያ ነው፣ ja፣ ወደ ዛፉ ነው የምትሄደው።

እናንተም በግራ ያላችሁት፣ አማርኛ የማትሰሙት፣ አሁን ያቺን ነጭ የለበሰችውን ሴት እዩዋት። ሀረግ ማለት እሷ ናት።

አያችሁ? ክንዳቸውን ይዛ እያመጣቻቸው ነው። ሚናስም ፈቀቅ ብሏል፣ ሳይነገረው ቦታውን ለቀቀ። ተባረክ።

ፊሊፕ። ዛሬ ጠዋት የት ልቁም ብለው ጠይቀውኝ ነበር። እዚህ። እዚህ ከፊት ይቁሙ፣ ከእሱ አጠገብ። በኖርዌይኛ በኋላ እነግርዎታለሁ። መጀመሪያ ግን በአማርኛ፣ ጋሼ እንደሚፈልገው፣ አንድም ፊደል ሳላበላሽ ልበልዎት። እግዚአብሔር ያጽናዎት።

ትክክል አልኩት? ትክክል ነው። አሁን እናንተም በሉ። በተራ በተራ።

ለቅሶው ትቬይታ አዳራሽ ተብሎ ተነግሯል። nei። ለቅሶ ባለቤቱ ቤት ነው የሚቀመጠው። ቤታቸው ከታንተ ሩት በላይ ሁለተኛ ፎቅ ነው፣ ሁላችንንም አይችለንም። ስለዚህ ታች፣ ቡና ቤቷ ውስጥ ነው የምንቀመጠው። በቡና ቤት ለቅሶ አይቼ አላውቅም የምትሉ፣ ቡና የሌለበት ለቅሶ የት አይታችሁ ታውቃላችሁ? አልኮሉን ቆልፈውበታል፣ የሚጠጣው ቡና፣ ሻይና ውሃ ነው። ዓብዱ፣ ጁመናን አምጣት፣ ዛሬ ዕድሜ አይጠየቅም።

ጋሼ ይልቃል።

ብዙ አላወራም፣ እያለቀስኩ ነው፣ ይሄንንም ለማንም አልናገርም። አንተን በሕይወትህ አንቱ ብዬህ አላውቅም። አንድ ቀን ለምን አትቆጣኝም ብልህ፣ አንተ ስትለኝ ቅርብ ነው የምሆነው አልከኝ። ስለዚህ አሁንም አንተ ነህ። እንዳልከኝ ተናግሬያለሁ። ጨምሬም ከሆነ ትንሽ ነው። ገብቷቸው እንደሆነ አላውቅም፤ ግማሹ ገብቷቸዋል፣ ግማሹ ነገ ይገባቸዋል፣ የቀረው መቼም አይገባው ይሆናል። እኔም ሁሉ አልገባኝም። ሰልፉ ግን ረዝሟል ጋሼ፤ ከዚህ እስከ በሩ ድረስ ደርሷል፣ ሁሉም ወደ እሳቸው ነው።

እንግዲህ ተኛ። ብርጭቆውን ሌላ ሰው ይወለውላል። ደህና ሁን ጋሼ። እሳቸውን እኛ ወደ ቤት እንወስዳቸዋለን።